ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፦ በጥድፊያ የተገነባ ግቢ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ነው። ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ መንግሥት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ጊዜ እያስገነባ ነበር።

13 ግቢ በአንዴ መገንባት ቀላል አይደለም። ሥራውን ያስተባበረው ጂቲዜድ የተባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ነው። የተመረጠውም ወጪ ቆጣቢ የሚባለው አሠራር ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ነው። የወለሉ ተሸካሚዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ቀድመው ይመረቱና ወደ ላይ ወጥተው ይገጠማሉ። ስለዚህ ብዙ እንጨትና አጠና አይፈጅም። ሲሚንቶና ብረትም ይቆጥባል። ዋጋው ግን መመሳሰል ነው፤ ከእነዚህ ግቢዎች አንዱን ያየ ሌላው ብዙም አይገርመውም።

ግንባታው ሳያልቅ ተማሪ ገባ። እንዲህ ባለ ግቢ መጀመሪያ የሚቆመው የተቋራጩ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚፈርሰውም እሱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይወርዳል። ቆርቆሮ ቤት ጠዋት በረዶ፣ እኩለ ቀን ምጣድ ነው። ከቆላ ለመጣ ፍሬሽ ተማሪ የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ብርድ ነው። ደግነቱ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት!

የጤና ሳይንስ ግቢው በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። ፕሮፌሰሩ በ1985 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ያደረጉት ንግግር ካስከሰሷቸውና ካሳሰሯቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። ስያሜው እዚህ ከተማ ላይ የተለየ ክብደት ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ደረሰ። ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከተማዋ አልተያዘችም፤ ተፈናቃይ ግን ጎረፈባት። ግንባሩ ወደ ሰሜን ከተመለሰ በኋላም ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች መምጣታቸውን ቀጠሉ። ብዙዎቹ የተጠለሉት ቻይና ካምፕ በሚባለው ስፍራ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተሰጣቸው መጠለያ ለዓመታት መኖሪያቸው ሆነ። ዩኒቨርሲቲ በጥድፊያ ለመገንባት የተገኘው ብልሃት ለእነሱ ቤት አልዋለም።