«ቅልቅል» የሚለው ቃል ያሳሳተን ወይን፦ ስለ ቦርዶ የሚነገሩ ስህተቶች

በእኛ ጆሮ «ቅልቅል» ደግ ቃል አይደለም። ቅልቅል ቅቤ፣ ቅልቅል ማር ሲባል ሰው ተጭበረበርኩ ይላል። ስለዚህ ቦርዶ የሚባለው ውዱ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ከሁለት ከሦስት ዓይነት ፍሬ ተቀላቅሎ እንደሚሠራ ሲሰማ ብዙው ፊቱን ያጨማድዳል።

«ቦርዶ የወይን ፍሬ ስም ነው።»
የቦታ ስም ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለችው ከተማና ዙሪያዋን የከበበው እርሻ ነው። ግራ መጋባቱ ግን ይገባኛል። ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ ጠርሙሱ ላይ «ሜርሎ» ወይም «ካበርኔ ሶቪኞን» ብሎ የፍሬውን ስም ይነግረናል። (እዚያ ማምረት የጀመረው የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ራሱ መነሻው ቦርዶ ነው።) ቦርዶዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የቦታውንና የእርሻውን ስም ጽፈው ያልፋሉ።

«የተቀላቀለ ከሆነ ንጹሕ አይደለም።»
እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት። የትግራይ ገበሬ ገብስና ስንዴ ደባልቆ ሐንፈጽ የሚዘራው ለማጭበርበር አይደለም፤ ዝናቡ አንዱን ቢበድል ሌላው እንዲተርፈው ነው። የቦርዶም ነገር እንደዚያው ነው። ሜርሎ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎም ይበስላል። ታዲያ የጸደይ ውርጭ ሲመጣ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ውርጩ የብዙ እርሻ ቀንበጥ አቃጥሏል። ካበርኔ ሶቪኞን ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ዝናብ ይችላል፣ መከሩ ከቀዘቀዘ ግን ሳይበስል ይቀራል።

ጣዕሙም ይደጋገፋል። ሜርሎ ለስለስ ያለ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያደርቀውን ታኒን ያመጣል። ካበርኔ ፍራን መዓዛ ይሰጣል። ፔቲ ቬርዶ ከገባም ለቀለምና ለጉልበት ጥቂት ብቻ ነው። ፍሬዎቹ ለየብቻ ይጠመቃሉ። ከዚያ በአውሮፓ የብርድ ወራት ባለሙያዎቹ ቁጭ ብለው እየቀመሱ የዓመቱን ልክ ይወስናሉ። ልኩ በየዓመቱ ይለያያል፤ ያልጣማቸው በርሜል ዋናው ወይን ውስጥ አይገባም።

«ንጉሡ ካበርኔ ነው፣ ሜርሎ አጃቢ።»
በቦርዶ በብዛት የተተከለው ሜርሎ ነው! አካባቢውን ከሚከፍለው ወንዝ በስተግራ፣ ሜዶክ በተባለው የቦርዶ ክፍል፣ መሬቱ ጠጠር ነው። ጠጠር ውኃ አያቁርም፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ለካበርኔ ሶቪኞን ይስማማዋል። በስተቀኝ ያለው፣ ፖምሮል የተባለው ክፍል ሸክላ አፈር ግን የሜርሎ ነው። ስሙ ዓለም ያዳረሰው የፖምሮሉ ወይን ፔትሩስ ከሞላ ጎደል ሜርሎ ብቻ ነው። እንግዲህ «ቦርዶ ሁሉ ቅልቅል ነው» ማለትም አያስኬድም።

«በ1855ቱ ደረጃ ውስጥ ከሌለ ተራ ነው።»
ያ የቦርዶ ምርጥ እርሻዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት የወጣ ነው። ከአንድ እርሻ በቀር ቀዮቹ ሁሉ የሜዶክ ናቸው። ፖምሮል ጭራሽ አልገባም፣ ፔትሩስም የለበትም።

«በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።»
ለጥቂቶቹ ውዶች እውነት ነው። ሱፐርማርኬት የሚገኘው አብዛኛው ቦርዶ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ካልተጠጣ ይሞታል። ቁም ሳጥን ላይ ለሠርግ ብለው ያስቀመጡት ካለ፣ ዛሬ ይክፈቱት።

«ቀይ ወይን ፍሪጅ አይነካውም።»
«በክፍል ሙቀት» የተባለው ለድሮ የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ነው። ልኩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ዱባይ ወይም ድሬዳዋ ላሉ አንባቢዎች፦ ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት።