ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም

ተረቱ የተወለደው ማድቤት ነው። ጉልቻ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ሁለት ቢሆኑ ድስቱ አይቆምም፤ አራት ቢሆኑ መሬቱ ትንሽ ጎርበጥ ካለ አንዱ ሥራ ይፈታና ድስቱ ይንገዳገዳል። ቁመታቸው ካልተመጣጠነ ወጡ ወዳጠረው ወገን ያዘነብላል፤ ስለዚህ የረዘመው ሥሩ ይቆፈርለታል፣ ያጠረው ጠጠር ይደረግለታል። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ አይመረጥም፤ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል።

የጉልቻ ሥራ መሸከም ብቻ ነው፤ ጣዕሙ ከድስቱ ውስጥ ነው። የቀይ ወጥ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግለታል። ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬው ሳይበስል ውሃ ከተቸለሰበት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሽንኩርቱ ከተጣደፈ ውሃው ለብቻው ይንሳፈፋል። ተረቱ የሚያሾፈው ይህን አበላሽቶ ድንጋይ በሚቀይር ሰው ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ ነው። ወጣት ላይ ግን ይበልጥ ይነክሳል፤ ትዳር መያዝን ራሱን «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» እንለዋለንና። በሃያዎቹ ዕድሜ መሥሪያ ቤት፣ ደባል፣ እጮኛ መቀየር ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በየቦታው እሱን ሳይጨርስ የሚወጣ ልጅ ሥራውን ገና አላየውም። የለቀቀባቸውን ምክንያቶች ጎን ለጎን ይጻፋቸው። ማርፈድና እርማትን እንደ ስድብ መቁጠር ከተደጋገሙ ጥፋቱ የወጡ ነው። አንዱ ጋ ደመወዝ አልተከፈለም፣ ሌላው ጋ ተሰደበ ከሆነ ግን ድንጋዩ ነው፤ መቀየር አለበት። የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ከለቀቀ በመደበኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት እንዳይረሳ።

ይህን ልዩነት ያልያዙ ሽማግሌዎች ተረቱን ያለቦታው ይጠቅሱታል። ባሏ የሚደበድባትን ልጅ «ጉልቻ ቢለዋወጥ…» ብሎ መመለስ ተረቱን ማጣመም ነው። የተሰነጠቀ ጉልቻ ላይ ድስት የሚጥድ የለም።

ደባልነት ላይ ደግሞ የሚጠቅመው የማመጣጠኑ ሥራ ነው። ጠቡ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከኪራዩ ሳይሆን ካልታጠበ ሰሃንና ካለቀ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ኪራዩ በስንተኛው ቀን እንደሚዋጣ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ እንዴት እንደሚካፈል፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የሚለቀው ሰው ከስንት ቀን በፊት እንደሚናገር ይነጋገሩበት። ማታ የሚያጠናውና ሌሊት ስልክ የሚያወራው ሁለቱም ከልማዳቸው ትንሽ ትንሽ ይቀንሱ፤ ሁልጊዜ አንደኛው ብቻ ከቀነሰ በሦስተኛው ወር ሌላ ደባል ፍለጋ ይጀመራል።