ኮንከሽን ምንድን ነው? የግብ ጠባቂዋ ብሪያና ስከሪ ጉዳት

ኮንከሽን ጭንቅላት ሲመታ ወይም በኃይል ሲናጥ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተናውጦ ሥራው ለጊዜው የሚታወክበት ጉዳት ነው። አጥንት ላይሰበር፣ ደምም ላይፈስ ይችላል። የሚዛባው የአንጎል ሴሎች ኬሚካላዊ ሚዛን ስለሆነ በሲቲ ስካንም በኤምአርአይም ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ራስን መሳትም የግድ አይደለም፤ አብዛኛው ተጎጂ ራሱን አይስትም። ተጫዋቾች ተነስተው አቧራቸውን አራግፈው የሚቀጥሉትም ለዚህ ነው።

አሜሪካዊቷ ብሪያና ስከሪም እንደዚያው ቀጥላ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1999 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም፣ ከ90,000 በላይ ተመልካች ፊት አሜሪካና ቻይና ያለ ግብ ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሄዱ። የቻይናዋ ሊዩ ዪንግ የመታችውን ኳስ ተወርውራ ያወጣችው ስከሪ ናት። የመጨረሻዋን ምት አስቆጥራ ማሊያዋን ያወለቀችው የቡድን ጓደኛዋ ብራንዲ ቻስቴይን በፎቶ ዓለምን አዳረሰች፤ እኔ ግን ያንን ዋንጫ የማስበው በስከሪ እጅ ነው። በ1996 አትላንታ፣ በ2004 ደግሞ አቴንስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ለብሔራዊ ቡድኗ 173 ጊዜ ተሰልፋለች።

ሚያዝያ 2010 ለዋሽንግተን ፍሪደም ክለብ ስትጫወት ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ ለመያዝ ጎንበስ እንዳለች የተጋጣሚ አጥቂ ጉልበት ጆሮ ግንዷን መታት። ተነሳች፤ እስከ እረፍት ተጫወተች። ከዚያ በኋላ ግን ግብ ጠባቂነቷ አበቃ።

አብዛኛው ሰው ከኮንከሽን በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። ስከሪ ግን ለሦስት ዓመት ያህል ራስ ምታቱ አልለቃትም፤ ብርሃንና ጫጫታ ይረብሻት፣ ነገር ይጠፋባት ነበር፤ ከባድ ድባቴ ውስጥም ገባች። ገቢዋ ሲቋረጥ የኦሊምፒክ ወርቆቿን አስይዛ ገንዘብ እስከመውሰድ ደረሰች፤ በኋላ አስመልሳቸዋለች። ሕመሟ ከውጭ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ብቻዋን የምትተው አይመስለኝም። በ2013 ዋሽንግተን ውስጥ ማጅራቷ አካባቢ ባለ ነርቭ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና እፎይ አለች።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ፊት ቀርባ ስለ ጉዳቷ ተናገረች። በ2017 የአሜሪካ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የጨዋታው ሕግም እየተቀየረ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ከፈለጉ በኮንከሽን የተጠረጠረ ተጫዋች ከመደበኛው የቅያሬ ቁጥር ውጪ እንዲቀየር መፍቀድ ይችላሉ። የወጣው ግን አይመለስም።

በሰፈር ሜዳ ይህ ሕግ የለም፤ ሐኪምም አይኖርም። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ስንት ለስንት እንደሆኑ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ከተጨመረ ጉዳቱ እጅግ ሊከፋ ይችላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።