የመንጠቆ ጫና ምንድን ነው? ጀልባ ከመጎተታችን በፊት

ጀልባ የተጫነበት ተሳቢ ቆሞ ሲያዩት ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ጀልባዋ ተቀምጣለች፣ ታስራለች፣ መንጠቆውም ገጥሟል። ጉዱ የሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ቀጥሎ የመኪናውን ኋላ ይዞ ያወዛውዘዋል። ሰው «ሾፌሩ ምን ነካው?» ይላል። ሾፌሩ ግን ብዙ ጊዜ የለበትም። ነገሩ የተበላሸው ገና ጀልባዋ ተሳቢው ላይ ስትቀመጥ ነው። እዚያ ላይ የተሳተው ነገር የመንጠቆ ጫና ነው።

የመንጠቆ ጫና ማለት የተሳቢው የፊት ጫፍ የመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ተሳቢው በአጠቃላይ ስንት ይመዝናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ክብደት በጎማዎቹ በኩል መሬት ላይ ያርፋል፤ ትንሹ ክፍል ብቻ ወደ መንጠቆው ይሄዳል። አሜሪካኖች «ታንግ ዌይት» ይሉታል፣ የምላስ ክብደት እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ የአፍንጫ ክብደት ይላሉ። ምላስም በሉት አፍንጫ፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ኪሎ ያው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሁለት ሰዎች በረጅም እንጨት ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ አስቡ። ሸክሙ ወደ አንደኛው ከተጠጋ እሱ ይጎብጣል፣ ሌላው ይቀለዋል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከኋላ ያለው ተሸካሚ አክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት ነው፣ ከፊት ያለው መንጠቆው። ጀልባዋ ወደፊት በተገፋች ቁጥር መንጠቆው ይከብደዋል። ክብደቷ ከአክስሉ ኋላ ካለፈ ደግሞ ተሳቢው ፊቱን ወደ ላይ ያነሳና መኪናውን ከኋላ ወደ ላይ መሳብ ይጀምራል።

ስንት ይሁን? ለተራ የጭነት ተሳቢ በአሜሪካ የተለመደው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ለጀልባ ተሳቢ ብዙ አምራቾች ዝቅ ያደርጉታል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሉ አሉ። በ10 በመቶ ብናስብ፣ ጀልባዋና ተሳቢው አብረው 1500 ኪሎ ከሆኑ መንጠቆው ላይ 150 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ኳሳቸው ላይ የሚፈቅዱት 75 ወይም 100 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሳቢው መመሪያ ብቻ አይበቃም፤ የመኪናውም መነበብ አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ያነሰው ገደብ ነው የሚገዛው። በዚያ ገደብ ተሳቢው ከሚፈልገው በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መኪናው ለዚያ ጀልባ አልተሠራም ማለት ነው።

ጫናው ሲበዛ ምልክቱ በዓይን ይታያል። የመኪናው ኋላ ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል። የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ ስለማይጨብጡ መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ማታ ከሆነ የፊት መብራቱ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ጫናው ሲያንስ ግን ቆሞ ምንም አይታይም። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ተሳቢው ከአንድ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ትንሽ ንፋስ ወይም የሚያልፍ ትልቅ መኪና ይነካካዋል፤ መወዛወዙ በራሱ እየበረታ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ፍሬን በኃይል መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል። መወዛወዙን እየተከተሉ መሪ ግራ ቀኝ ማዞርም እንደዚያው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያደርገው ጀልባዋን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ነው። ምክንያት አለው። ከመንጠቆው እስከ አክስሉ 5 ሜትር ቢሆንና ጀልባዋ ከነሞተሯ 1000 ኪሎ ብትመዝን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወደፊት መግፋት መንጠቆው ላይ 20 ኪሎ ይጨምራል። በጣም ቀላል ነው። ግን እኔ ከዚያ አልጀምርም። የጀልባዋን ቦታ መጀመሪያ የሚወስነው የራሷ አካል ነው።

ለምን? ሞተሩ የተንጠለጠለበትን የኋላ ግድግዳ ተመልከቱ። ከጀልባዋ ክብደት ብዙው እዚያ ነው። ተሳቢው ላይ ጀልባዋን የሚሸከሙት ምንጣፍ የለበሱ ሞራሌዎች እስከዚያ ግድግዳ መድረስ አለባቸው። ትንሽ ቢያልፉት ችግር የለም። ቀድመው ካለቁ ግን ሞተሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የጀልባዋን ሆድ ሞራሌው ጫፍ ላይ ያጎብጠዋል። ከጊዜ በኋላ የፋይበር ግላሱ ቅርጽ ይለወጣል። ያኔ ጀልባዋ ውኃ ላይም እንደ ድሮዋ አትሄድም። ስለዚህ የመንጠቆ ጫና በዛ ብሎ ጀልባዋን ወደኋላ ገፍቶ ግድግዳዋን ከሞራሌው ማሳለፍ አንዱን ጥፋት በሌላ መለወጥ ነው።

በሞራሌዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይታይ። የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ርዝመቷን ይዘው የሚሄዱ ማጠንከሪያዎች አሉ፤ ሞራሌው ከእነሱ ሥር ቢያርፍ ክብደቱን የሚቀበለው ጠንካራው ክፍል ይሆናል። የመሸከሚያዎቹን ብሎን ግን ጀልባዋ ተጭና ሳለች መፍታት አይገባም። ውኃ ላይ ትውረድ፣ ይስተካከል፣ ተመልሳ ትጫን፣ ይታይ። አሰልቺ ነው። አቋራጭ ግን የለውም።

ግድግዳው ከሞራሌው ጫፍ ጋር ከተገናኘ በኋላ ዊንቹ፣ ማለትም ጀልባዋን በቀበቶ እየጠቀለለ ወደ ተሳቢው የሚስበው መሣሪያ፣ የቆመበት ምሰሶ ወደ ጀልባዋ ይመጣል። ምሰሶው ብዙ ጊዜ በዩ ቅርጽ ብሎኖች ነው የሚያዘው፤ ዳዶውን አላልቶ ማንሸራተት ይቻላል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ከጀልባዋ የፊት ጫፍ ጋር ይገናኝ። ቀበቶው የሚያዝበት የብረት ቀለበት ከዚያ ጎማ ሥር ቢሆን ጀልባዋ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ላይ አትዘልም። ዊንቹ ብቻውን ጀልባ አያስርም፤ ከፊት ሰንሰለት፣ ከኋላ ሁለት ቀበቶ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጫናው አሁንም ልክ ካልሆነስ? ያኔ የሚንቀሳቀሰው አክስሉ ነው። በብዙ የጀልባ ተሳቢዎች ላይ አክስሉ ሻንሲው ላይ በብሎን ስለተያዘ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ወደኋላ ሲሄድ መንጠቆው ይከብዳል፣ ወደፊት ሲመጣ ይቀላል። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ከመንጠቆው ጀምሮ በሜትር መለካት የግድ ነው። ከተጣመመ ተሳቢው እንደ ሸርጣን ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል። የጭቃ መከላከያውም አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጎማው ሲነካው ነው።

መለኪያውስ? የቤት ሚዛን ይበቃል። ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረግ፣ ጫፉ መኪናው ላይ ሲሆን ባለው ከፍታ ይያዝ። ክብደቱ ከሚዛኑ አቅም በላይ ከሆነ አንድ ጠንካራ ጣውላ ይዘርጋ። አንዱ ጫፍ ቱቦ ላይ፣ ሌላው ሚዛኑ ላይ ይረፍ። ጣውላውን ሦስት እኩል ቦታ ብንከፍለው፣ የተሳቢው ጫፍ ከቱቦው አንድ እጅ፣ ከሚዛኑ ሁለት እጅ ርቀት ላይ ያርፋል። ሚዛኑ ያነበበው በ3 ይባዛል። 40 ካለ መንጠቆው ላይ ያለው 120 ኪሎ ነው። የጣውላውን ክብደት ግን አስቀድሞ መቀነስ ነው፤ ሚዛኑን ጣውላው ላይ ምንም ሳይጫን ዜሮ ማድረግ ይቀላል።

ሲለካ ጀልባዋ ለጉዞ እንደምትወጣ ሆና ትሁን። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 0.75 ኪሎ ይመዝናል፤ 200 ሊትር ሲሞላ 150 ኪሎ መሆኑ ነው። ታንከሩ ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ሲሞላ መንጠቆው ይቀላል፣ ከፊት ከሆነ ይከብዳል። መልሕቅና የዕቃ ሣጥንም እንዲሁ። በባዶ ለክቶ በሙሉ መሄድ ጭራሽ አለመለካት ነው።

ብሎኖቹን ካጠበቃችሁ በኋላ አጭር መንገድ ሄዳችሁ ቁሙ። ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፍ ፈትሹ፣ ቀበቶዎቹን ጎትቱ። ወደ ጎማዎቹ መሐል እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ፈትኑ። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ነው፤ እሱ ሳይታይ ጉዞው አይቀጥል።