የቪአር ሕክምና ምንድን ነው?

ቪአርን፣ በሙሉ ስሙ ቨርቹዋል ሪያሊቲን፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው በጌም ነው። ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ይደረጋል። ለቀኝና ለግራ ዓይን የሚታየው ምስል በትንሹ ስለሚለያይ ርቀቱና ቅርበቱ ይታወቃል። ጭንቅላታችንን ስናዞር የምናየውም አብሮ ይቀየራል። አንጎላችን እዚያው ያለን ይመስለዋል።

አካል ጉዳትና ቪአር አብረው ሲነሱ የሚወራው በዊልቸር የሚሄድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ተራራ ስለመውጣቱ ነው። ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል? ለእኔ ግን ትልቁ ነገር አንጎልን መሸወዱ ለሕክምና መዋሉ ነው።

እጁ የተቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሌለው እጁ ያመዋል። ጡጫው እንደተጨበጠ፣ ጥፍሩ መዳፉን እንደወጋው ሆኖ ይሰማዋል። ሊዘረጋው ቢፈልግ ምኑን ይዘርጋ? ሕመሙ ማስመሰል አይደለም፣ የእውነት ያማል። አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ አንጎል ለእጁ ትዕዛዝ መስጠቱን አላቆመም፤ የተዘጋ ስልክ ላይ ደጋግሞ እንደሚደውል ሰው መልስ አጥቶ ይቀራል።

በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ሳጥን ውስጥ መስታወት አቆሙ። የደህናው እጅ ነጸብራቅ የተቆረጠው ቦታ ላይ ይታያል። ደህናው ሲዘረጋ የሌለውም የተዘረጋ ይመስላል፤ አንዳንዶችንም ቀለል አላቸው። ቪአር ይህንኑ ያለ መስታወት ያደርገዋል።

ሁለቱንም እጆቹን ያጣ ሰውስ? በስዊድን፣ ጎተንበርግ፣ ተመራማሪው ማክስ ኦርቲዝ ካታላንና ባልደረቦቹ የቀረው ክንድ ቆዳ ላይ የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ኤሌክትሮድ ለጠፉ። ሰውየው ጣቶቹን ለማጠፍ ሲያስብ የቀሩት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። ኮምፒውተሩ ያንን አንብቦ ስክሪን ላይ ያለውን የምናብ እጅ ያንቀሳቅሳል። በጥብቅ ካየነው ይህ የቪአር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ታካሚው የራሱን የካሜራ ምስል ላይ እጅ ተቀጥሎበት ነው የሚያየው። እጃቸው ተቆርጦ ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸው 14 ሰዎች 12 ጊዜ ተለማመዱ። በ2016 በወጣው ውጤት፣ እንደ አለካኩ፣ ሕመማቸው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ቀንሷል። የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ነው።

በዚያው ዓመት ከብራዚል ሌላ ወሬ መጣ። የአንጎል ተመራማሪው የሚጌል ኒኮሌሊስ ቡድን ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ 8 ሰዎችን ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ለ12 ወራት አሠለጠነ። የቪአር መነጽርና የአንጎል ሞገድ የሚያነብ ቆብ አድርገው፣ በሐሳባቸው ብቻ የምናብ አምሳያቸውን ያራምዱ ነበር። ግማሾቹ ከሙሉ ሽባነት ወደ ከፊል ሽባነት ምድብ ተሸጋገሩ። ሮቦትና ፊዚዮቴራፒም ስለነበረበት ምስጋናውን ለመነጽሩ ብቻ መስጠት አይቻልም።

የሚያናድደው መሣሪያው ራሱ ነው። ብዙው የተሠራው ሁለት እጅ ላለውና መቆም ለሚችል ሰው ነው። አንገቱ ለደከመ ሰው ይከብዳል፣ ማቅለሽለሽም አለው። ለመግዛት ያሰበ ሰው ተቀምጦና በአንድ እጅ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሚጥል በሽታ ያለበት ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሊያስነሳበት ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር።