ቦብቴይል ስኩዊድ ምንድን ነው?

አውራ ጣት የሚያህል የባሕር እንስሳ ነው። ስምንት ክንዶችና ሁለት ረጃጅም መያዣዎች አሉት። ኋላው ግን ድቡልቡል ነው፤ ጅራቱን የቆረጡት ይመስላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ተመራማሪዎች አብዝተው ያጠኑት በሃዋይ ደሴቶች ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚኖረውን ዝርያ ነው።

ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል። አቀባበሩ በጣም ደስ ይላል። መጀመሪያ ውሃ እየረጨ አሸዋውን ይቦረቡርና ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ አሸዋውን እየሰበሰበ ራሱ ላይ ይከምራል፣ ልክ ብርድ ልብስ እንደሚከናነብ ሰው። ከቆዳው የሚወጣ ሙጫ አሸዋውን ያጣብቅለታል። ጠላት ከመጣ ሙጫውን ያስለቅቅና አሸዋውን በአንዴ ያራግፋል።

ሲመሽ ሽሪምፕ ለማደን ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ ስትወጣ፣ ከሥር ሆኖ ቀና ለሚል አዳኝ ስኩዊዱ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የሚያድኑት ደባሎቹ ናቸው። ሆዱ ውስጥ ባለ ልዩ አካል ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባሉ ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እሱ ይመግባቸዋል፣ እነሱ ያበሩለታል። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ያህል ወደ ታች ሲያበራ ጥላው ይጠፋል። መጠኑን የሚቆጣጠረው ደግሞ በቀለም ከረጢቱ ነው፤ እንደ መጋረጃ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል።

ባክቴሪያዎቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጥቂት ሲሆኑ አያበሩም። እያንዳንዳቸው ኬሚካል ይለቃሉ፤ ሲበዙ ኬሚካሉ ይጠራቀምና ሁሉም አብረው ይበራሉ። ባክቴሪያዎች እንዲህ ብዛታቸውን "እንደሚያውቁ" ፍንጭ የተገኘው በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዚሁ የባክቴሪያ ዝርያ ላይ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የንጋቱ ነገር ነው። ጎህ ሲቀድ ስኩዊዱ ከደባሎቹ 95 በመቶ ገደማውን ወደ ባሕሩ ያስወጣል። የቀሩት ቀኑን ሲባዙ ውለው ለማታ ይደርሳሉ። የተባረሩትም ከንቱ አይቀሩም። ጨቅላ ስኩዊድ ከዕንቁላሉ ሲወጣ አንድም ደባል የለውም፤ በሰዓታት ውስጥ ከውሃው መርጦ ያስገባል። ማርጋሬት ማክፎል-ንጋይና ኤድዋርድ ሩቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጉድኝት ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ጨቅላውን ባክቴሪያ በሌለበት ውሃ ብታሳድጉት፣ ብርሃን ሰጪው አካሉ ሙሉ ቅርጹን ሳይዝ ይቀራል።