ማውንት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ተማሪ ፍላሹን ሰክቶ «ዲ የት ሄደ?» እያለ ሲፈልግ አየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነበር።

ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይፈረድበትም። እዚያ ዲስክ ሁሉ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እየተባለ ፊደል ይታደለዋል። ሊኑክስ ዘንድ ግን ያለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። ሥሩ ሩት ይባላል፤ ፎልደሮቹ በሙሉ ከእሱ ይበቅላሉ። አዲስ የመጣ ዲስክ የራሱን ዛፍ አይተክልም፤ ከነባሩ ዛፍ አንዱ ፎልደር ላይ ይቀጠላል። ማውንት ማድረግ ማለት ይህ መቀጠል ነው። የተቀጠለበት ፎልደር ደግሞ ማውንት ፖይንት ይባላል።

መሰካትና ማውንት ማድረግ ይለያያሉ። ከዜጌ እንጨት ጭኖ የመጣ ታንኳ ከሩቅ ስለታየ እንጨቱ አይራገፍም፤ መጀመሪያ ዳር ይዞ መታሰር አለበት። ፍላሹም ሲሰካ ሲስተሙ ያየዋል፣ ብዙ ጊዜም ኤስዲቢ ብሎ ይሰይመዋል፤ በውስጡ ያለው ፓርቲሽን፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ኤስዲቢ1 ይሆናል። ፋይሎቹ የሚከፈቱት ግን ማውንት ሲደረግ ነው።

ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ይህን በራሱ ይጨርሰዋል። ፍላሹን ሚዲያ በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር ታገኙታላችሁ። ካልሆነም በፋይል ማኔጀሩ ግራ ጎን ስሙን ክሊክ ማድረግ ይበቃል። በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ለሚሠራ ትእዛዙ ራሱ ማውንት ነው፤ ከፊቱ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዱ፣ ቀጥሎ ፓርቲሽኑ፣ መጨረሻ ላይ ፎልደሩ ይጻፋል። ፎልደሩ ባዶ ቢሆን ይመረጣል። ቀድሞ ፋይል ካለበት፣ ዲስኩ እስኪነሳ ድረስ ፋይሉ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ጉዳት የሚመጣው ሲነቀል ነው። ሊኑክስ የምትገለብጡትን ፋይል ለጊዜው ራም ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በሚጸዳው ጊዜያዊ ማኅደር ላይ፣ ያቆየዋል። ስለዚህ ስክሪኑ «አለቀ» ቢላችሁም የተወሰነው ገና ፍላሹ ላይ አልተጻፈ ይሆናል። እኔ ራሴ ነቅዬ ሮጬ፣ ቤት ስደርስ የአርባ ገጽ ጽሑፌን ዜሮ ባይት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መብራት ድንገት ሲሄድም ያው ነው።

ስለዚህ ከመንቀል በፊት ከስሙ ጎን ያለችውን የማስወጫ ምልክት ተጫኑ። በተርሚናል ከሆነ ትእዛዙ ዩማውንት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ከዩ ቀጥሎ ኤን የለውም፣ እዚህ ላይ ያልተሳሳተ ጀማሪ ጥቂት ነው። ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካላችሁ የተከፈተ ፋይል ፈልጋችሁ ዝጉ። ምንም የተከፈተ ከሌለ፣ ተርሚናሉ ራሱ እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሞ ይሆናልና መጀመሪያ እሱን ከዚያ አስወጡት።